የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች «ለሃይማኖት ነፃነት» ነው የመጡት? ለአንድ ወላጅ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ10 ዓመት ልጄ ይዛው የመጣችው የቤት ሥራ 'የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ወደ አሜሪካ የመጡት ለሃይማኖት ነፃነት ነው' ይላል። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ኩዌከር የሚባሉትን ሰቅለው እንደገደሉ ተጽፏል። ፒልግሪምና ፒዩሪታን አንድ ናቸው? ነፃነት ፍለጋ የተሰደደ ሰው እንዴት በሃይማኖት ምክንያት ሰው ይገድላል? ካቶሊኮችስ አልነበሩም? ሜሪላንድ ማለት 'የማርያም ምድር' ነው ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?»

መልስ፦

የሜሪላንድን ስም አስቀድሜ ልመልስና ልለፍ። ስያሜው የእመቤታችን አይደለም። የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሚስት የነበረችው ንግሥት ሄንሪዬታ ማሪያ ናት የተሰየመችበት። ፈረንሳዊት ነበረች፣ ካቶሊክም ነበረች፤ ብዙ እንግሊዛውያን በዚህ አይወዷትም ነበር። የቅኝ ግዛቱ ባለቤቶች ካቶሊኮች ስለነበሩ ስሙ ሲወጣ በልባቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም እላለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የንግሥቲቱ ስም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዷቸው።) የልጅዎ የቤት ሥራ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ጥፋቱ እርስ በርሳቸው የማይዋደዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደ ክርስቲያን እንኳ የማይቆጥርባቸው በርካታ ወገኖችን «ሰፋሪዎች» ብሎ ጠቅልሎ ማለፉ ነው። ይህን ዘመን ሳስተምር ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ምን ያምኑ ነበር?» ብዬ አይደለም። «በእነሱ መንደር እሑድ ቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ምን ይደረጋል?» ነው የምላቸው። ማን ምን ዓይነት ነፃነት ይፈልግ እንደነበረ የሚታወቀው ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጠው መልስ ነው።

በትውልድ አገራቸው በእንግሊዝ መልሱ በሕግ ተጽፎ ተቀምጧል። ከ1559 ጀምሮ እሑድ በደብሩ ያልተገኘ ሰው 12 ፔንስ ይቀጣል። ካቶሊኮች ላይ ቅጣቱ እየከበደ ሄዶ በ1581 በወር 20 ፓውንድ ደረሰ፤ ባለርስት የነበረውን ሁሉ የሚያደኸይ ገንዘብ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ ንጉሡ ስለነበር፣ ከጸሎት መቅረት ስንፍና ብቻ ሳይሆን ለንጉሡ አለመታመን ተደርጎ ይታይ ነበር። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሜሪላንድ ለአንድ ካቶሊክ ጌታ በተሰጠችበት በ1632፣ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ አስገብተው፣ ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። የንጉሡ እምነት የአገሩ እምነት መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ በዚያ ዘመን በእኛ አገርም በእንግሊዝም ብዙ ሰው የማይጠራጠረው ነገር ነበር።

እንግሊዞቹ የተጣሉት በዋናነት በአንድ ነገር ላይ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ቤተ ክርስቲያኑን ከሮም ከለየ በኋላ ተሐድሶው ተጠናቋል ወይስ ገና ነው? «ተጠናቋል፣ ይበቃል» ያሉት ከንጉሡና ከጳጳሳቱ ጋር ጸኑ፤ እነዚህን ዛሬ አንግሊካን እንላቸዋለን። «ገና ነው» ያሉት ፒዩሪታኖች ናቸው። ጳጳስ መኖሩ፣ የቄሱ ነጭ ልብስ፣ በጥምቀት ጊዜ የሕፃኑን ግንባር ማማተብ፣ ለቁርባን መንበርከክ፣ የጋብቻ ቀለበት ጭምር፣ ሁሉም ከሮም የተረፈ ቅራሪ ነው ይላሉ። ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያኑ አይወጡም፤ ውስጡ ሆነን እናጥራው ነው የሚሉት። ከእነሱ መካከል ትዕግሥታቸው ያለቀ ጥቂቶች ደግሞ «ይህ ቤት አይጠራም፣ እንውጣ» ብለው የየራሳቸውን ጉባኤ መሠረቱ። ተገንጣዮች ይባላሉ። ፒልግሪም የምንላቸው ከእነዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ፒልግሪምና ፒዩሪታን በትምህርታቸው እጅግ ይቀራረባሉ፤ አንዱ ወጥቷል፣ ሌላው አልወጣም። ያኔ ይህ ልዩነት ቀላል አልነበረም። መውጣት በራሱ ወንጀል ነበርና።

የቤት ሥራው ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱት መጀመሪያ የመጡት ናቸው። ጀምስታውን፣ ቨርጂኒያ፣ 1607፤ ፒልግሪሞቹን ካመጣችው መርከብ ከሜይፍላወር 13 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። እነዚህ ማንም አላሳደዳቸውም። የቨርጂኒያ ኩባንያ ትርፍ ፈልጎ የላካቸው ሲሆኑ ሃይማኖታቸው ንጉሡ ያዘዘው ነው። ቄሳቸው ሮበርት ሀንት መጀመሪያ የሚያስቀድስበት ቤት ስላልነበረው ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ አሮጌ የመርከብ ሸራ ሥር ነበር ጸሎት የሚያደርሰው። ይህን ያህል ሲናገሩት ገር ይመስላል። በ1611 የጸና የቅኝ ግዛቱ ሕግ ግን እሑድ ለቀረ ሰው እንዲህ ይል ነበር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳምንት ቀለቡ ይቀራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ቀለቡም ቀርቶ ይገረፋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሞት። በ1619 ያ ጨካኝ ሕግ ተነሣና ቅጣቱ ወደ ገንዘብ ዞረ። በ1624 ደግሞ አገሩ ገንዘቡ ትምባሆ ሆነና ለአንድ እሑድ አንድ ፓውንድ ትምባሆ፣ ወር ሙሉ ለቀረ 50 ፓውንድ ተወሰነ። የቄሶቹም ደመወዝ በትምባሆ ነበር የሚከፈለው።

ቨርጂኒያ በቅኝ ግዛት ዘመን ሁሉ ጳጳስ አልነበራትም። ክህነት የፈለገ ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ ለንደን መሄድ ነበረበት። በዚህ ምክንያት ደብሩን በእርግጥ የሚያዙት የአካባቢው ትላልቅ የትምባሆ ገበሬዎች ሆኑ፤ ቄሱን ይቀጥራሉ፣ ሲያስከፋቸው ያሰናብታሉ። እነዚሁ ሰዎች በምክር ቤቱ ተቀምጠው በ1667 አንድ ሕግ አወጡ፦ ባሪያ ቢጠመቅ ጥምቀቱ ከባርነት አያወጣውም። «ክርስቲያን ወንድሜን ባሪያ አደርጋለሁ?» የሚል ጥያቄ ሳይሰፋ ከወዲሁ ዘጉት። ስለ ቨርጂኒያ ሃይማኖት አንድ ሰነድ ብቻ አሳይ ብባል የማሳየው ይህን ነው።

ወደ ፒልግሪሞቹ ስንመጣ፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ስክሩቢ በምትባል መንደር በዊልያም ብሩስተር ቤት ይሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች በ1608 ወደ ሆላንድ ሸሹ። መጀመሪያ አምስተርዳም፣ ከዚያ ላይደን። ላይደን ውስጥ ማንም አልነካቸውም። እንደፈለጉ እየጸለዩ ከ10 ዓመት በላይ ኖሩ። ታዲያ ነፃነቱ በእጃቸው እያለ ለምን ወደ በረሃ ሄዱ? ኋላ መሪያቸው የሆነው ዊልያም ብራድፎርድ ምክንያቶቹን ጽፏቸዋል፦ የጨርቅ ሥራው ጉልበት የሚጨርስ ነበር፤ ከስፔን ጋር የነበረው የዕርቅ ዘመን ሊያበቃ ቀርቦ ጦርነት ያሰጋ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ልጆቻቸው የሰው አገር ልጆች እየሆኑባቸው፣ ከወላጆቻቸው ልማድ እየራቁ ነበር። ይህን የመጨረሻውን በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ለሚያሳድግ አበሻ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ስለዚህ «ለሃይማኖት ነፃነት መጡ» የሚለው አባባል ለፒልግሪሞቹ ለራሳቸው እንኳ ግማሹ ነው፤ ነፃነቱን ሆላንድ ሰጥታቸዋለች። የፈለጉት እምነታቸውን ይዘው እንግሊዛዊ ሆነው የሚኖሩበትን ቦታ ነው።

ሜይፍላወር በ1620 ይዛ የመጣችው 102 ተሳፋሪዎችን ነው። ከላይደን የመጡት ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት ለንደን ላይ ነጋዴዎቹ የመለመሏቸው፣ አብዛኞቹ ስለ ተሐድሶ ክርክር ግድ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ምድር ላይ ሳይወርዱ 41 ወንዶች በአንድ ሕግ ለመተዳደር የፈረሙት ታዋቂው ውልም የወጣው ለዚህ ነው፤ እነዚህኞቹ «የተባለው ቦታ ላይ ስላላረፍን ማንም አያዘንም» ማለት ጀምረው ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ አለቁ። የሰፈሩበት ፕሊማውዝም ባዶ ምድር ሆኖ አልጠበቃቸውም። ፓቱክሴት የሚባል መንደር የነበረበት ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮፓውያን ጋር የመጣ በሽታ ሕዝቡን ጨርሶት ነበር። በቆሎ መዝራት ያስተማራቸው ቲስኳንተም የዚያው መንደር ልጅ ነው። በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ አፍኖ ስፔን ወስዶ ሊሸጠው ነበር፤ እንደምንም እንግሊዝ ደርሶ፣ በ1619 ሲመለስ ወገኖቹን አንድም አላገኘም።

የፒልግሪሞቹን ጠባይ ከሁሉ የሚያሳየኝ የ1621 የገና ቀን ነው። ፒልግሪሞችም ፒዩሪታኖችም ገናን አያከብሩም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ቀኑን አላዘዘም ባይ ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ብራድፎርድ እንደ ማንኛውም ቀን ሰዉን ለሥራ ጠራ። በቅርቡ በሌላ መርከብ የመጡት አዲሶቹ «በገና ቀን መሥራት ኅሊናችን አይፈቅድም» አሉት። እሱም ኅሊናቸው ከሆነ እስኪረዱ ድረስ እንደሚተዋቸው ነግሯቸው ሌሎቹን ይዞ ሄደ። ለምሳ ሲመለስ ሰዎቹን መንገድ ላይ አገኛቸው፤ አንዱ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው ኳስ ይጫወታል። መጫወቻቸውን ቀማቸውና፣ ሌላው እየሠራ እነሱ መጫወታቸው ደግሞ የእሱን ኅሊና እንደማይፈቅድለት ነገራቸው፤ በዓሉን የሚያከብሩ ከሆነ ቤታቸው ተቀምጠው ይጸልዩ። ይህን ራሱ ብራድፎርድ እየቀለደ ነው የጻፈው። ፕሊማውዝ ጥብቅ ነበረች፤ ጨካኝ ለመባል ግን ትንሽ ናት፣ ድሃም ናት። በ1691 በማሳቹሴትስ ተዋጠች።

ማሳቹሴትስ ሌላ ነገር ነው። በ1630 ጆን ዊንትሮፕ 11 መርከቦች ይዞ መጣ፤ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ 20,000 ያህል ሰው ወደ ኒው ኢንግላንድ ፈለሰ። እነዚህ ፒዩሪታኖቹ ናቸው፦ ጠበቃው፣ ባለርስቱ፣ ከኬምብሪጅ የተመረቀው ሰባኪ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ የመጣው የእጅ ባለሙያ። በእንግሊዝ ዊልያም ሎድ የሚባል ጳጳስ ኃይል እያገኘ መጥቶ በ1633 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ሰባኪዎቻቸውን ከመድረክ ያወርድባቸው ነበር። የንጉሡ ፈቃድ የተጻፈበትን ሰነድ፣ ቻርተሩን፣ ለንደን ትተው መምጣት ሲገባቸው ይዘውት ተሻገሩ። ይህ ትልቅ ብልጠት ነው፤ የንግድ ኩባንያ ስብሰባ የነበረው በአንድ ጊዜ ቦስተን ላይ የተቀመጠ መንግሥት ሆነ።

እነዚህ ሰዎች የሃይማኖት ነፃነት ፈልገው መጡ ከተባለ፣ የፈለጉት እግዚአብሔር ያዘዘውን ትክክለኛ ሥርዓት ሳይረበሹ የመትከል ነፃነት ነው። ስሕተት ለሆነው ነፃነት መስጠት በእነሱ ዓይን ኃጢአት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሰባኪ፣ ሌሎች ሁሉ ከእኛ ርቀው የመኖር ሙሉ ነፃነት አላቸው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከቦስተን እሑድ የቀረ እስከ 5 ሽልንግ ይቀጣል። ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረም እንደዚሁ 5 ሽልንግ። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም ሰው መምጣትና ለሰባኪው መክፈል ቢገደድም፣ አባል ሆኖ ለመቁረብ ግን ጸጋ እንዴት ልቡን እንደነካው በጉባኤ ፊት ቆሞ ማስረዳትና ተቀባይነት ማግኘት ነበረበት። ከ1631 ጀምሮ ድምፅ የሚሰጡትም አባላት የሆኑ ወንዶች ብቻ ናቸው። በበጎ በኩል ማየት ከተፈለገ፣ ሁሉም ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አለበት ስላሉ በ1636 ሃርቫርድን መሠረቱ፤ በ1647 ደግሞ 50 ቤተሰብ ያለበት ከተማ ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር አዘዙ።

የመጀመሪያው ከባድ ተቃዋሚያቸው ከራሳቸው ወጣ። ሮጀር ዊልያምስ በ1631 ሲመጣ ቦስተኖቹ በደስታ ነበር የተቀበሉት። ሰዎች ዛሬ ስለ እሱ ሲናገሩ ለዘብተኛ ሰው ያስመስሉታል። እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ ጥብቁ እሱ ነበር! ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ፈጽማችሁ ካልወጣችሁ ከእናንተ ጋር አልጸልይም አላቸው። ንጉሡ የአገሬውን ነባር ሕዝብ ምድር የመስጠት መብት የለውም አለ። ዳኛ ሰው ስለሰረቀ ይቅጣ እንጂ ስለ ሰንበትና ስለ አምልኮ ምን አገባው አለ። ምክንያቱ ግዴለሽነት አልነበረም፤ ልቡ ያልተለወጠን ሰው አስገድዶ ማስጸለይ እግዚአብሔርን መስደብ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። በ1635 መገባደጃ እንዲባረር ተፈረደበት፤ ይዘው ወደ እንግሊዝ ሊልኩት ሲሉ በጥር 1636 በበረዶ ውስጥ አመለጠ። ናራጋንሴት የተባሉት ሕዝቦች መሬት ሰጥተውት ፕሮቪደንስን ቆረቆረ፤ የሮድ አይላንድ ቅኝ ግዛት የጀመረው ከዚህች ከተማ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የባፕቲስት ጉባኤ በ1638 ገደማ የተመሠረተው እዚያ ነው፤ ዊልያምስ ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ከሱም ወጣ። ሮድ አይላንድ ላይ እሑድ የቀረ ሰው ምን ይደረጋል? ምንም። ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች መካከል ይህን መልስ መጀመሪያ የሰጠችው እሷ ናት፤ ቦስተኖቹም የአሜሪካ ቆሻሻ መጣያ አድርገው ነበር የሚያዩአት።

ኩዌከሮቹ በ1656 ሲደርሱ ነገሩ የባሰ ሆነ። ይህ ወገን የተነሣው በ1650ዎቹ ነው። ቄስ የለም፣ ጥምቀት የለም፣ ቁርባን የለም፤ ዝም ብለው ተቀምጠው መንፈስ ያነሣው ይናገራል፣ ሴትም ብትሆን። መሐላ አይምሉም፤ ለዳኛ ባርኔጣ አያወልቁም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት። ቦስተን የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች፣ ሜሪ ፊሸርና አን ኦስተን፣ ከመርከብ እንደወረዱ ታሰሩ፣ መጻሕፍታቸው ተቃጠለ፣ የጠንቋይ ምልክት እንዳለባቸው ለማየት ልብሳቸው ተገፍፎ ተፈተሹ፤ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላም ተባረሩ። (ሜሪ ፊሸር ከሁለት ዓመት በኋላ የኦቶማኑን ሱልጣን ለመስበክ ቱርክ ድረስ ሄዳ ነበር። እሱ በክብር አስተናግዶ ሸኛት።) ግርፋት መጣ፣ ጆሮ መቁረጥ መጣ። አልተመለሱም። የእነሱንም ጠባይ ሳልደብቅ ልናገር፤ በስብከት መሃል ተነሥተው ሰባኪውን ይገሥጹ ነበር፣ ሲባረሩም ሆን ብለው ይመለሱ ነበር። በ1658 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ተባሮ የተመለሰ ኩዌከር እንዲሰቀል ወሰነ።

ሜሪ ዳየርን ልጅዎ ልታውቃት ይገባል። መጀመሪያ የቦስተን ጉባኤ አባል ነበረች። በ1638 አን ሃችንሰን የምትባል ሴት፣ ሰባኪዎቹን ስለተቸች ከጉባኤ ስትወገዝ፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጇን ይዛ አብራት የወጣችው እሷ ናት። በኋላ ኩዌከር ሆነች። በጥቅምት 1659 ከሁለት ወንዶች ጋር ለስቅላት ተወሰደች፤ የሚናገሩት እንዳይሰማ ከበሮ ይመታ ነበር። ሁለቱ በፊቷ ተሰቀሉ። የእሷም እጅና እግር ታሰረ፣ ፊቷ በመሐረብ ተሸፈነ፣ ገመዱ አንገቷ ላይ ገባ፤ በዚህ ጊዜ ምሕረት ተደርጎላታል ተባለና አወረዷት። ምሕረቱ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ለማስፈራራት የታሰበ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ ተመልሳ መጣች። ሕጉን እንዲሽሩ ልትጠይቃቸው እንደመጣች ነገረቻቸው። በሰኔ 1, 1660 ሰቀሏት። በ1661 አራተኛ ሰው ከተሰቀለ በኋላ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ቅጣቱን አስቆመ። ዛሬ ሐውልቷ ቦስተን በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ፊት ተቀምጧል።

እናንተ ወዳላችሁበት ሜሪላንድ ልመለስ። ካቶሊኮች ነበሩ ወይ ላሉት፣ አዎን፣ ነበሩ፤ አገሩ የእነሱ ነበር። ጆርጅ ካልቨርት የንጉሡ ባለሥልጣን ሳለ በ1625 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጠና ሥልጣኑን ለቀቀ። ቻርተሩ በ1632 ሲጸድቅ እሱ ሞቶ ስለነበር ልጁ ሴሲል ተረከበ። በመጋቢት 25, 1634 የብሥራት በዓል ዕለት፣ አርክና ደቭ የተባሉት መርከቦች ሰዎች ሴንት ክሌመንት ደሴት ላይ ወረዱ፤ አንድሩ ዋይት የሚባለው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር የሆነው የጀስዊቶች) አባት ቀደሰ። ሜሪላንድ ቀኑን እስካሁን ታከብራለች። በዚያው ጉዞ ከኢየሱሳውያኑ ጋር የመጣ ማቲያስ ደ ሱዛ የሚባል አፍሪካዊ ዝርያ ያለው ሰው ነበር፤ የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ ነፃ ወጣና በ1642 በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ተገኝቷል።

ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አብዛኛው ተሳፋሪ ፕሮቴስታንት ነበር። መሬቱን የሚያርስ ሰው ካቶሊክ ብቻ ተብሎ አይሞላም። ሴሲል ካልቨርት ይህን ስላወቀ ለመሪዎቹ በጽሑፍ አዘዛቸው፦ ካቶሊኮች ጸሎታቸውን በተቻለ መጠን በስውር ያድርሱ፣ መርከብ ላይም ሆነ በምድር ስለ ሃይማኖት አይከራከሩ፣ ፕሮቴስታንቶቹን የሚያስቀይም ነገር አይፈጸም። የሜሪላንድ መቻቻል እንግዲህ የደካማ ብልሃት ነው። ይህን ስል ማቃለሌ አይደለም። ንጉሡ ፕሮቴስታንት፣ ጎረቤቱ ቨርጂኒያ ፕሮቴስታንት፣ ጭሰኛው ፕሮቴስታንት የሆነበት ካቶሊክ ጌታ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

በ1649 የወጣው ሕግ ይህንኑ በጽሑፍ አሰፈረው። በክርስቶስ የሚያምን ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አይረበሽም ይላል። ሲያነቡት የሚያስቀው የስድብ ዝርዝሩ ነው። ሰውን ለማዋረድ መናፍቅ፣ ጣዖት አምላኪ፣ ፒዩሪታን፣ የጳጳስ ቄስ፣ ኢየሱሳዊ፣ ሉተራን፣ ካልቪናዊ፣ ተገንጣይ ብሎ የጠራ 10 ሽልንግ ይቀጣል፤ ግማሹ ለተሰዳቢው ይሰጣል። መንገድ ላይ ምን ይባባሉ እንደነበር ከዚህ ይገባዎታል። ያው ሕግ ሥላሴን የካደ ይሙት ይላል። በ1658 ያዕቆብ ሉምብሮዞ የተባለ አይሁዳዊ ሐኪም በዚሁ ተከስሶ ነበር፤ የዳነው በአጠቃላይ ምሕረት ነው።

ሕጉ ስድስት ዓመት እንኳ አልቆየም። ቨርጂኒያ በ1643 ከንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሚሰብክ ሁሉ ይውጣ ብላ ስታስቸግራቸው፣ ካልቨርት ቦታ የሰጣቸው ፒዩሪታኖች ዛሬ አናፖሊስ ባለበት አካባቢ ሰፍረው ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወገኖቻቸው ሲያሸንፉ እነዚህ ስደተኞች በ1654 ሥልጣን ያዙና የተቀበላቸውን ሕግ ሽረው ካቶሊኮችን ከሕጉ ጥበቃ አስወጡ። በ1655 ከካልቨርት ሰዎች ጋር በሴቨርን ወንዝ ተዋጉ። ካልቨርት በኋላ አገሩንም ሕጉንም መለሰ፤ በ1689 ግን ፕሮቴስታንቶቹ ተነሥተው የካልቨርትን መንግሥት ገለበጡ። ዋና ከተማው ከሴንት ሜሪስ ሲቲ ወደ አናፖሊስ ዞረ፤ በ1704 የካቶሊኮቹ የጡብ ጸሎት ቤት በአገረ ገዢው ትእዛዝ ተቆለፈ፤ ኢየሱሳውያኑ አፍርሰው ጡቡን ለሌላ ሕንጻ ወሰዱት። በ1718 ካቶሊክ ድምፅ እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ ራሳቸው ባቋቋሙት አገር!

ፔንሲልቬኒያን ባጭሩ ላንሳት። ንጉሡ ለዊልያም ፔን አባት ለነበረበት የ16,000 ፓውንድ ዕዳ በ1681 ለልጁ መሬት ሰጠ። ፔን ኩዌከር ነው፤ በእምነቱ ታስሯል። አንድ አምላክ መኖሩን የሚያምን ሁሉ በሰላም ይኑር፣ ማንም ወደ የትኛውም ጸሎት ቤት አይገደድ፣ ለማንም ቄስ አይክፈል አለ። ሹመት ግን ለክርስቲያን ብቻ ነበር። ጀርመኖች፣ ዌልሾች፣ አይሪሾች ጎረፉ። በ1688 ጀርመንታውን የሚኖሩ አራት ሰዎች፣ እናንተ ከስደት ሸሽታችሁ እንዴት ሰውን ባሪያ ታደርጋላችሁ ብለው ለኩዌከር ጉባኤ ጻፉ። ጉባኤው ለጊዜው አለፈው፤ የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ባሪያ ያለውን አባል ከጉባኤ ማስወጣት የጀመሩት በ1776 ነው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ወደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከመጡት እንግሊዛውያን አብዛኞቹ ለመርከብ የሚከፍሉት ያጡ፣ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለማገልገል የፈረሙ ወጣቶች ናቸው። «ለምን መጣህ?» ቢባሉ መሬትና እንጀራ ነው የሚሉት፤ ስለ ሃይማኖት ካልተጠየቁ አያነሡም።

ልጅዎ እንግዲህ እንዲህ ብትጽፍ መምህርዋ የምታርመው አይመስለኝም፦ «ከመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አንዳንዶቹ የራሳቸውን እምነት እንደፈለጉ ለመያዝ መጡ፤ ለሌላው እምነት ግን የፈቀዱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።» ማስረጃ ካስፈለጋት የ1649ን ሕግና ሜሪ ዳየርን ትጥቀስ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ሴንት ሜሪስ ሲቲ ውሰዷት፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የተቆለፈው የጡብ ጸሎት ቤት በቀድሞ መሠረቱ ላይ በ2009 ዳግመኛ ተሠርቶ ቆሟል። በብርዱ ወራት የሚዘጋ ስላለ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ።